«ቶኒካኩ ካዋይ» ሲዝን 2ን በአማርኛ ሰብታይትል ቲቪ ላይ ማሳየት፦ ፊደሉ ሳጥን ይሆናል፣ ሰዓቱም ይንሸራተታል

የሳቢያን_ልጅ (ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። «ቶኒካኩ ካዋይ» ሲዝን 2ን፣ ማለትም የናሳንና የጹካሳን የአዲስ ሙሽሮች አኒሜ (የጃፓን ካርቱን ፊልም)፣ ከእንግሊዝኛው ሰብታይትል ወደ አማርኛ እየመለስን ነው። አራት ክፍል አልቋል። ግቢ ውስጥ ማታ ማታ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ለጎረቤት ቲቪ ላይ ለማሳየት ነው የታሰበው። ከሚያዩት መካከል አኒሜ የሚባል ነገር አይተው የማያውቁ እናቶችም አሉ። ያስቸገሩን እነዚህ ናቸው፦

ስልክ ላይ በደንብ የሚነበበው ፊደል በፍላሽ ቲቪው ላይ ሲሰካ ባዶ ሳጥን ብቻ ይሆናል። ክፍል 2 ቲቪው ላይ ድምፅ አለው፣ ምስል የለውም። ክፍል 3 ላይ ጽሁፉ ሲጀምር ከንግግሩ ጋር እኩል ነው፤ መጨረሻው ላይ ግን አንድ ደቂቃ ያህል ይቀድመዋል።

ሌላው የአተረጓጎም ነገር ነው። ሲዝን 1ን ያላየ ሰው ከዚህ ቢጀምር ይገባዋል? ባልና ሚስቱስ በአንተና በአንቺ ይነጋገሩ ወይስ በእርስዎ? የምታውቁ ዘርዘር አድርጋችሁ ንገሩን።

ጁገል_ውስጥ (ሐረር)

ስለ ቅደም ተከተሉ ልመልስ። ከሲዝን 2 መጀመር ይቻላል፣ ግን ጎረቤቶችሽ ዋናውን ነገር ያጣሉ፤ ሁለቱ ልጆች እንዴት እንደተጋቡ ሲዝን 2 ዞሮ አያስረዳም።

ሲዝን 1 አስራ ሁለት ክፍል ነው፤ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር 2020 የታየ። ቀጥሎ በኦገስት 2021 የወጣው «ኤስኤንኤስ» የተባለው ልዩ ክፍል ይመጣል፤ ናሳ ለሚስቱ ስማርት ስልክ የሚገዛላት እዚያ ነው። ከዚያ በኖቬምበር 2022 የወጣው «ሴይፉኩ» የተባለው ሌላ ልዩ ክፍል። ሲዝን 2 ኤፕሪል 8 ቀን 2023 ጀምሮ ጁን 24 አለቀ፤ እሱም 12 ክፍል። በዚያው ዓመት ጁላይ ደግሞ የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚካሄድ ባለ 4 ክፍል ታሪክ ወጥቷል። ፍላሽሽ ላይ ሲዝን 2 ተብሎ 16 ክፍል ካገኘሽ የመጨረሻዎቹ አራቱ እነዚያ ናቸው፤ ለየብቻ ፎልደር አድርጊያቸው። ካላደረግሽ ሰዉ ክፍል 12 ላይ ታሪኩ ጥሩ ቦታ ላይ ካረፈ በኋላ «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ» ማለቱ አይቀርም።

ጊዜ ካጠራችሁ ከሲዝን 1 ሦስት ቦታ ብቻ አሳዩ። አንደኛው ክፍል 1 ነው፤ በረዶ በሚወርድበት ሌሊት የመኪናው አደጋ፣ ልጅቷ የምታድነው፣ እሱም እዚያው ፍቅሩን የሚነግራት፣ «ካገባኸኝ» ብላው የምትጠፋውና ናሳ 18 ዓመት ሲሞላው ቤቱ ድረስ የምትመጣው። ሁለተኛው ወደ ናሳ ወላጆች የሚሄዱበት ነው። ሦስተኛው ኪራይ ቤታቸው ተቃጥሎ የአሪሱጋዋ ቤተሰብ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ግቢ ውስጥ የሚጠጉበት። ይሄን ሦስተኛውን አትዝለሉት፤ በሲዝን 2 የሚታየው ኑሮ ሁሉ የተተከለው እዚያ ግቢ ላይ ነው፤ ካናሜና አያ የሚባሉት እህትማማቾችም የግቢው ልጆች ናቸው።

አንድ ነገር በጣም አደራ። በታሪኩ ውስጥ ጨረቃ በተነሳች ቁጥር በትርጉም አትዝለሏት። የጃፓን ሰው ከሕፃንነቱ የሚያውቀው የካጉያ ሂሜ ተረት ከበስተጀርባ አለ። አንድ ቀርከሃ ቆራጭ ሽማግሌ ቀርከሃ ውስጥ የምታበራ ትንሽ ልጅ ያገኛል፤ አድጋ ቆንጆ ስትሆን አምስት መሳፍንት ያጯታል፤ ለእያንዳንዱ የማይቻል ሥራ ትሰጠዋለች። በመጨረሻ ወደ ጨረቃ ስትመለስ ለንጉሡ ሞትን የሚያስቀር መድኃኒት ትታለት ትሄዳለች፤ እሱም እሷ ከሌለች ምን ያደርግልኛል ብሎ ለሰማይ በሚቀርበው ተራራ ላይ አስቃጠለው። የጹካሳ የአባቷ ቤት ስም ጹኩዮሚ ነው፤ ይሄም የጃፓን የጨረቃ አምላክ ስም ነው። ናሳ ደግሞ በጽሁፍ «በከዋክብት የተሞላ ሰማይ» የሚል ስም ይዞ ሲነበብ እንደ አሜሪካው የጠፈር ድርጅት ይነበባል። የጨረቃ ስም የያዘች ሴትና በጠፈር ድርጅት ስም የሚጠራ ልጅ መሆናቸው ነው፤ ቀልዱም ትካዜውም ከዚህ ይነሳል። «ጨረቃዋ ታምራለች» የምትል አንዲት ተራ መስመር በሰብታይትል ካለፈችሽ ስንት ነገር አብሮ ይሄዳል።

ለወጣቶቹ የሚያጓጓ ነገር ከፈለግሽ፦ የጹካሳ ድምፅ አካሪ ኪቶ ናት፤ «ዲመን ስሌየር» ላይ ነዙኮን የምታሰማው። ናሳ ደግሞ ጁንያ ኤኖኪ ነው፤ የ«ጁጁትሱ ካይሰን» ዩጂ። በሁለቱም ሲዝን አልተቀየሩም።

ለገሃሬ (ድሬዳዋ)

የቲቪው ሦስት ችግሮች ምክንያታቸው ለየቅል ነው፤ አንዱን ከአንዱ አትቀላቅዪ።

ሳጥኑ የፎንት ጉዳይ ነው። የኤስአርቲ (የሰብታይትል) ፋይል ውስጥ ያለው የእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር እንጂ ቅርጹ አይደለም፤ ቅርጹን የሚስለው ማጫወቻው ነው። ስልክሽ የግዕዝ ፎንት አለው፣ ቲቪው የለውም፤ ስለዚህ ለማያውቀው ቁጥር ሁሉ ሳጥን ይስላል። ፋይልሽ ጤነኛ ነው፣ አትንኪው። ቲቪው አንድሮይድ ከሆነ ቪኤልሲ የሚባለውን ማጫወቻ ጭነሽ በሱ ክፈቺው፣ ብዙውን ጊዜ ያልቃል። አንድሮይድ ካልሆነ ፎንት የምትጭኚበት መንገድ የለም፤ ጽሁፉን ምስሉ ላይ ማተም ነው ያለው፣ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ይሄን ግን ከሌላ ችግር ለዪው። ሳጥን ሳይሆን የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ካየሽ፣ አንድም ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 (በዩኒኮድ ፊደል አቀማመጥ) አልተቀመጠም ወይም ማጫወቻው በሌላ አቀማመጥ እያነበበው ነው፤ አንድም ከጓደኞችሽ አንዷ በድሮው የፓወር ግዕዝ ፎንት ጽፋለች። የድሮው ፎንት የላቲን ቁጥር ላይ የአማርኛ ቅርጽ ያለበሰ ነው፤ ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ራቁቱን ይወጣል። ለማጣራት ጽሁፉን ኖትፓድ ላይ ከፍተሽ ፎንቱን ወደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ቀይሪው። አማርኛ ሆኖ ከቆየ ዩኒኮድ ነው፤ ማለትም ለአማርኛ ፊደል የራሱ ቁጥር ያለው አጻጻፍ። ወደ ላቲን ከተበተነ በድጋሚ ሴቭ ማድረግ አያድነውም፣ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት። ጽሁፉ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ኖትፓድ ላይ «አንሲ» ተብሎ ሴቭ ተደርጓል ማለት ነው፤ ያ ፋይል አይመለስም፣ የቀድሞውን ቅጂ ፈልጊ።

የክፍል 3 መንሸራተት። ጽሁፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ቢቀድም ኖሮ ሌላ ነበር፤ ቪኤልሲ ላይ ጂን መጫን 50 ሚሊሰከንድ ያስቀድመዋል፣ ኤችን መጫን ያን ያህል ያዘገየዋል፣ አለቀ። ያንቺ ግን እየሄደ ይሰፋል። ይሄ ሰብታይትሉ በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) ለሆነ ቅጂ ተሰርቶ ቪዲዮሽ 23.976 ሲሆን የሚመጣ ነው። ልዩነቱ 4 ከመቶ ያህል ነው፤ በ24 ደቂቃ ክፍል ላይ 59 ሰከንድ ያህል ይደርሳል፣ ያልሽው አንድ ደቂቃ እሱ ነው። ሰብታይትል ኤዲት በሚባለው ፕሮግራም ላይ ፋይሉን ክፈቺና ከ«ሲንክሮናይዜሽን» ሜኑ «ቼንጅ ፍሬም ሬት» የሚለውን ይዘሽ ከ25 ወደ 23.976 ለውጪው። ቀጥሎ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ንግግር ብቻ አጣሪ፤ ሁለቱ ከገጠሙ መሃሉ ይገጥማል። መግቢያው ዘፈን ድረስ ልክ ሆኖ ከዘፈኑ በኋላ በአንድ ጊዜ የሚዘል ከሆነ ግን ፍሬም ሬት አይደለም። ያኔ ቪዲዮው ላይ የተቆረጠ ወይም የተጨመረ ነገር አለ፤ ከዘፈኑ በኋላ ያሉትን መስመሮች ብቻ መርጠሽ በሰከንድ ግፊያቸው።

ክፍል 2 ምስል የሌለው ቪዲዮው ባለ 10 ቢት (ከተለመደው 8 ቢት የበዛ የቀለም ደረጃ ያለው) ስለሆነ ነው። አኒሜ ላይ ይሄ የተለመደ ነው፤ ሰማዩና ግድግዳው ላይ ቀለሙ በመስመር በመስመር እንዳይከፋፈል ብለው ነው በ10 ቢት የሚያዘጋጁት። ኮምፒውተርና አዲስ ስልክ ይከፍተዋል፤ የቲቪና የሪሲቨር ቺፕ ግን ብዙው በኤች.264 (በተለመደው የቪዲዮ አጨማመቅ) የተሠራ ባለ 10 ቢት አይፈታም፣ ድምፁን ብቻ ያወጣል። ወደ 8 ቢት መልሶ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ጽሁፉን ስታትሚ ይሄም አብሮ ይፈታል።

እንግዲህ ማተሙ። ኤጂሰብ በሚባለው የሰብታይትል ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ኤስአርቲውን ክፈቺ። በመጀመሪያ የስክሪፕቱን ሬዞሉሽን 1280 በ720 በዪ፤ ካልሞላሽው ማጫወቻው 384 በ288 ነው ብሎ ያስባልና የፊደሉ መጠን ካሰብሽው እጅግ ገዝፎ ይወጣል። ስታይሉ ላይ ፎንት አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ መጠን 52፣ ነጭ ቀለም፣ ጥቁር ጠርዝ 3፣ ከታች 40 ርቀት። ጠርዙን አትቀንሺ። የዚህ አኒሜ ቀለም አብዛኛው ፈዘዝ ያለ ሮዝና ክሬም ነው፤ ነጭ ፊደል ያለ ወፍራም ጠርዝ ይዋጣል። ለንባብ ከሩቅ የሚሻለው ኖቶ ነው፤ አቢሲኒካ ያምራል፣ ግን ቀጫጭኑ መስመር ግቢ ውስጥ ከአራት ሜትር አይታይም። ፎንቱን ዊንዶውስ ላይ ስትጭኚ «ለሁሉም ተጠቃሚ» የሚለውን ምረጪ። ከዚያ በኤኤስኤስ ፎርማት ሴቭ።

ቪዲዮው ላይ ራሱ ከታች የጃፓን ጽሁፍ ሲመጣ የእናንተን ወደ ላይ አውጡት፤ አላይመንት 8 ማለት ከላይ መሃል ነው።

ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ላይ «ፋስት 720ፒ30» የሚለውን ምረጪ። ኢንኮደሩ (ቪዲዮውን የሚጨምቀው) ኤች.264 መሆኑንና 10 ቢት የሚል ቃል ስሙ ላይ አለመኖሩን እዪ። ፍሬም ሬት እንደ ምንጩ፣ ጥራት 21። ሰብታይትል በሚለው ገጽ እንግሊዝኛውን አስወግደሽ ያንቺን ፋይል አስገቢና «በርን ኢን» ላይ ምልክት አድርጊ። አስራ ሁለቱንም ከመልቀቅሽ በፊት ሬንጅ ላይ ሰከንድ መርጠሽ ከ120 እስከ 240 ብቻ አውጪ፤ እሱን ቲቪው ላይ እዪው። ፊደል፣ ምስል፣ ድምፅ ሦስቱም ካሉ የቀረውን ኪዩ (የሥራ ወረፋው) ውስጥ ክተቺ።

የስትሪሚንግ አፕ ውስጥ ዳውንሎድ የተደረገ ክፍል በዚህ መንገድ አይሰራም፤ የተቆለፈ ስለሆነ ከአፑ ውጭ አይከፈትም፣ የራስሽን ሰብታይትልም አይቀበልም።

ሸዋበር_ማዶ (ሐረር)

ስለ ንግግሩ። ባልና ሚስቱ አንተና አንቺ ይባባሉ፣ ጥያቄም የለው። በጃፓንኛ እሷ «ናሳ ኩን»፣ እሱ «ጹካሳ ቻን» ይላል፤ ኩንና ቻን የሚሉትን ጣሏቸውና ስሙን ብቻ ተዉ። ድሬና ሐረር ላይ አንቱታ እንኳን ለእኩያ ለትልቅም ብዙ አይባልም፤ ሁሉንም እርስዎ ካደረጋችሁት ጎረቤቱ ሁለቱ ገና የተጣሉ ይመስለዋል። እርስዎ የምትለዋን ለሀብታሟ ልጅ ለቺቶሴ ቤት አስቀምጧት፤ ሻርሎትና አውሮራ የቤት ሠራተኞች ስለሆኑ ለእመቤታቸው አንቱ ቢሉ ያምርባቸዋል፣ ሀብታም ቤት መሆኑም ይታያል። ቺቶሴ ራሷ ጹካሳን የምትጠራው በታላቅ እህት የአክብሮት ስም ነው፤ «እትዬ» ልክ ይገባል።

ከእንግሊዝኛ ስትመልሱ የሚበላሸው ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ጃፓንኛም እንደ እኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያመጣል። ናሳ ረጅም ንግግር ጀምሮ፣ ተንተባትቦ፣ የሚያሳፍረውን ቃል መጨረሻ ላይ ሲያወጣ፣ እንግሊዝኛው ያንን ቃል ቀድሞ አውጥቶታል። እንግሊዝኛውን መስመር በመስመር ከተከተላችሁ ጹካሳ ሳትቀላ ቀልዱ ቀድሞ ይነበባል። ስለዚህ ሁለትና ሦስት መስመር የተከፈለ ዓረፍተ ነገር ሲመጣ አንድ ላይ አንብባችሁ በአማርኛ ከገነባችሁት በኋላ መልሳችሁ ክፈሉት። የመጨረሻው ግስ የመጨረሻው መስመር ላይ ይውደቅ። ድምፁን ከፍታችሁ ብትሰሙት ኤኖኪ የሚያቆምበት ቦታና የእናንተ ግስ ሲገጣጠሙ ይታወቃችኋል። ሲዝን 2 ከሲዝን 1 ይልቅ ጭውውት ይበዛዋልና እዚህ ላይ መልፋት ዋጋ አለው።

በአንድ መስመር ከ28 ፊደል አትለፉ፣ ሁለት መስመር ይበቃል። የእኛ ፊደል ሰፊ ነው፤ ለእንግሊዝኛ የተባለው 42 ለእኛ ስክሪኑን ዳር እስከ ዳር ይይዛል። የትኛውም ጽሁፍ ከአንድ ሰከንድ በታች አይታይ፤ እናቶች ለሚያነቡት ደግሞ አንድ ተኩል አድርጉት። ስሞቹንም ከመጀመራችሁ በፊት ዝርዝር አውጥታችሁ ሁላችሁም በአንድ ዓይነት ጻፉ፤ አንዷ ጹካሳ ሌላዋ ቱካሳ ከጻፈች አዲስ ተመልካች ሁለት ሰው ነው ይላል።

አሁን ደግሞ ተመልካቹ መጠየቁ የማይቀረው፦ «ሽማግሌ ሳይላክ፣ ቤተሰብ ሳያውቅ፣ ሌሊት ሄደው እንዴት ተጋቡ?» ጃፓን ውስጥ ጋብቻ የሚጸናው ቅጽ ሞልቶ ለማዘጋጃ ቤቱ በማስገባት ነው። ሁለት አዋቂ ምስክሮች ይፈርማሉ፤ ቅጹን ከሥራ ሰዓት ውጭም ይቀበላሉ። ድግሱ ከፈለጉ በኋላ ይመጣል፣ ጭራሽ ባይመጣም ጋብቻው ጋብቻ ነው። ባልና ሚስት አንድ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ ሕጉ ያስገድዳል፤ ጹካሳ በናሳ የቤተሰብ ስም «ዩዛኪ» ተብላ ስትጠራ ደስ የሚላት ለዚህ ነው። እኛ አገር ሴት ባገባችም የአባቷን ስም ስለማትለቅ ይሄ ትዕይንት ሳይገባ ያልፋል። ሌላው ዕድሜዋ ነው። እሱ 18 እሷ 16 ናቸው፤ ታሪኩ በተጻፈበት ጊዜ የጃፓን ሕግ ለሴት 16 ይፈቅድ ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ ግን ለሁለቱም 18 ሆኗል። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የ1992 ዓ.ም. የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ለሁለቱም 18 ነው የሚለው፤ በክብር መዝገብ፣ በሃይማኖትና በባህል የተፈጸመን ጋብቻ ይቀበላል። ልጆች አብረው ስለሚያዩ ይሄን የዕድሜ ነገር አንድ ሰው በቃል ቢናገረው መልካም ነው፤ ሰብታይትል ላይ አትጫኑት።

የሕዝብ መታጠቢያ ቤቱን በተመለከተ፣ ወንድና ሴት ለየብቻ የሚገቡበት ቤት መሆኑን አንድ ጊዜ ጻፉና እለፉ። የገላ መታጠብ ትዕይንቶችና መሳሳም አለ፤ ከታዳጊዎችና ከትልልቅ ሰዎች ጋር ስለሆነ ክፍሎቹን ቀድማችሁ እዩአቸው።

የሳቢያን_ልጅ (ድሬዳዋ)

ተባረኩ። የሁለት ደቂቃው ሙከራ ቲቪው ላይ ሠርቷል፣ ፊደሉም ምስሉም መጣ። የቀረው አስራ ሁለቱን ማውጣት ነው። ላፕቶፑ አሮጌ ኮር አይ3 ነው፤ ሲሠራ እየጋለ ፍጥነቱ ይወርዳል። መብራት መሃል ላይ ቢሄድስ የተሠራው ይጠፋል? ባትሪውም ብዙ አይቆይም።

ለገሃሬ (ድሬዳዋ)

የመብራቱ ጥያቄ መልሱ ያለው በምትመርጪው ፎርማት ላይ ነው። ኤምፒ4 ማውጫውን የሚጽፈው ሥራው ሲያልቅ ነው፤ በ95 ከመቶ ላይ መብራት ቢሄድ የተረፈው ፋይል አይከፈትም። ኤምኬቪ እየሠራ ስለሚጽፍ እስከተቋረጠበት ድረስ ይጫወታል። ስለዚህ ሃንድብሬክ ላይ ፎርማቱን ኤምኬቪ አድርጊና ሙከራውን በሱ ድገሚ፤ ቲቪሽ ከከፈተው በሱ ጨርሺ። የተቋረጠውን ክፍል ግን እንደገና ከመጀመሪያው አውጪው፣ ለመቀጠል አይሆንም። ክፍሎቹ ኪዩ ውስጥ ለየብቻ ስለሆኑ ያለቁት አይነኩም።

ለሙቀቱ፦ ቀን አትሥሪ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ጀምሪው፤ ላፕቶፑን ፍራሽ ወይም ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ፣ ከኋላ ሁለት የጠርሙስ ክዳን አስገብተሽ ከፍ አድርጊው፣ የአየር መግቢያው ከሥር ነውና። አቧራውን መጀመሪያ በብሩሽ አውጪ፤ የድሬ አቧራ ማራገቢያው ላይ ተጋግሮ ከሆነ የቀረው ሁሉ ብዙ አይረዳም። ኢንኮደሩ ላይ ፕሪሴቱን (የፍጥነት ምርጫውን) ከ«ፋስት» ወደ «ቬሪ ፋስት» ብታወርጂው ሥራው ይቀላል፣ ፋይሉ ትንሽ ይተልቃል፤ ለፍላሽ ችግር የለውም። የዊንዶውስ ፓወር ሴቲንግ ላይም ስሊፕን «በጭራሽ» አድርጊው፣ አለዚያ ተኝተሽ ስትነሺ ክፍል 1 ላይ ቆሞ ታገኚዋለሽ።

ፍላሹ ላይ ስትገለብጪ ስሞቹን 01፣ 02፣ 03 እያልሽ በሁለት አሃዝ ጻፊ። በአንድ አሃዝ ከጻፍሽ ብዙ ቲቪ ከ1 ቀጥሎ 10ን፣ 11ንና 12ን ያመጣል፤ ሰዉ ከክፍል 1 ዘሎ መጨረሻውን ያያል።